«አስተያየት» የሚለው ዓምድ

ቢሽኬክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል፣
የሃያ ዓመት ግጦሽ በአንድ ገጽ ላይ ሲቀላ፣ ሲከስል፣
አትባሺ ብቻ፣ ያ የዳር አገር ሸለቆ፣
ከዓመት ዓመት ለምልሞ ወጣ፣ አረንጓዴው ደምቆ።

«አገገመ!» አለ አለቃዬ፣ ጣቱን በቀለሙ ላይ እያሳለፈ፣
ለሚኒስቴሩ የሚላከውን ደብዳቤ በልቡ እየጻፈ።
«ቡሩል፣ ሄደሽ አረጋግጪ፤ ሦስት ቀን ይበቃል።
ሣር ቁጠሪ፣ ፎቶ አንሺ፤ ሌላውን ማሽኑ ያውቃል።»

ሄድኩ። ያረጀች ኒቫ፣
ሚዛን፣ መቀስ፣ የወረቀት ከረጢት፣
አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የብረት ክፈፍ፣
እርሳስ፣ ዝናብ የማይፈታው መዝገብ፣
ባዶ ዓምዶች፣ ተራ በተራ።

ከላይ ያለችው ዓይን ምድርን በአሥር ሜትር ትሸነሽናለች፤
እያንዳንዷን ቁራጭ አንድ ነጥብ፣ አንድ ቁጥር ታደርጋለች።
በዚያች ነጥብ ውስጥ ግን ሁለት በጎች ተጣልተው ይታረቃሉ፤
አንድ ፍልፈል ጉድጓዱን ይለውጣል፤ አበቦች ፈክተው ይረግፋሉ፤
ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ሰይድካስም በማለዳ በግራጫ ፈረሱ መጣ፤
ክፈፌን አየና ከጢሙ ሥር ሳቅ አወጣ።
«ይህ ምንድን ነው? የበር መቃን ነው ወይስ የመስኮት አጽም?
እኔ እንኳ ይህን በሚያህል መስኮት ሸለቆ አይቼ አላውቅም።»

«ሣር ልቆጥር ነው። ከሰማይ ሲታይ ለምልሟል።»
«ለምልሟል» አለ፤ «ማን ይክዳል? ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።
ግን በጎቼን ጠይቂ፤ እነሱ ከሰማይ አያዩም፤
በከንፈር ነው የሚያነቡት፤ ያልቀመሱትን አያምኑም።»

ተንበረከክሁ። ክፈፍ ቁጥር አንድ።
ካራጋና፣ ቢጫ አበባው፣ መርፌ እሾሁ፦ ከመቶ እጅ ስድሳ አንድ።
ቤተጌ፣ በግ የሚያደልበው ቀጭኑ ሣር፦ ዘጠኝ።
የቀረው ሠላሳ፣ ነፋስ የሚያንጓልለው ራቁት አፈር።
ክፈፍ ሁለት። ክፈፍ ሰባት። ክፈፍ ሠላሳ።
እጄ ሲደማ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ ጨርቅ ሲሳሳ።

ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ በተረት ይኖራል፤
እኛ ግን ሣሩንም አላየንም፤ አረንጓዴ አይተን ሣር ብለናል።

በየእሾሁ ላይ ሱፍ። ነጭ፣ ግራጫ፣ አንዲት ጥቁር፤
በጉ ሊያልፍ ሲታገል ለቁጥቋጦው የከፈለው ግብር።
ለሱፍ ዓምድ የለም። «አስተያየት» ከሚለው ሥር፣
«ሱፍ፦ አሥራ አራት» ብዬ ጫርኩ፣ ከመስመሩ ውጪ፣ በጠርዙ ዳር።

«ድልድዩ ነው» አለ ሽማግሌው፣ ልጓሙን እየፈታ፣
«ጎርፍ የወሰደው ድልድይ፣ ያ የጥንቱ የሶቭኾዝ ስጦታ።
መንጋው በበጋ ወደ አክሳይ ሽቅብ መውጣት ቀረበት፤
በረዶ ቢወርድ ቢቀልጥ እዚሁ፣ መንደር ሥር፣ ሣሩን ከሥሩ ጋጠበት።
እሾህ ደግሞ ምን ቸገረው? የሚነክሰው አፍ ሲያጣ፣
ጎረቤቱ ባለቀ ቁጥር እሱ በርስቱ ላይ ወጣ።»

አምስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን «አሁን በላያችን ታልፋለች» ስለው፣
ቀና አለ። ባዶ ሰማይ። «ታየናለች?» «ከነጥቧ እናንሳለን» አልኩት። ቢሆንም
ፈረሱን በጎን አዞረው፣ ጋማውን በመዳፉ አበጠረው።

ቢሽኬክ። አለቃዬ ቅጹን ገለጠ፤ ዓይኑ ጠርዙ ላይ ቆመ።
«ሱፍ?» አለ። «መለኪያው ምንድን ነው? ግራም ነው? ፍሬ?»
«ፍሬ» አልኩ።
ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ሸለቆው እንደለመለመ ነው።
ብዕሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ።
«ድልድይስ?»
«አንድ» አልኩ። «የጎደለ።»